ውሃ ብቻ ይጠጣል

የመኪና ደላላ ከሚናገረው ሁሉ ጆሮዬን የምትኮሰኩሰው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። «ምንም የለበትም፤ ውሃ ብቻ ይጠጣል።»

እጁን ኮፈኑ ላይ ጣል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚላት። የሙሽራው ወገን ሽማግሌ ስለ ልጁ ጠባይ ሲጠየቅ «ጨዋ ልጅ ነው፤ አልፎ አልፎ ይቀምሳል እንጂ» እንደሚለው ማለት ነው። አልፎ አልፎ የተባለው ከሰኞ እስከ እሑድ መሆኑ የሚታወቀው ልጅቱ ከተዳረች በኋላ ነው።

ገዢውም ጉደኛ ነው። የጎማውን ጥርስ በጥፍሩ ይለካል፤ በሩን ከፍቶ ይዘጋል፤ ደግሞ ከፍቶ ይዘጋል፤ ሬዲዮኑን ይሞክራል፤ ሊብሬውን ወደ ፀሐይ ይዞ ያያል። ውሃ ይጠጣል ሲባል ግን ፊቱ ይፈታል። ነዳጅ ይጠጣል ቢሉት ጥሎ ይሄድ ነበር። ዘይት ይጠጣል ቢሉት ዋጋ ያስቀንስ ነበር። ውሃማ ውሃ ነው፤ ለተጠማ ማን ይከለክላል! የገዛ ሰፈሩ ቧንቧ በፈረቃ ብቅ የሚል መሆኑ በዚያች ሰዓት ትዝ አይለውም።

ሞተር ውሃ አይጠጣም። ውሃው የተሰጠው እንዲዞርበት ነው። ፓምፑ ገፍቶ በሲሊንደሮቹ ዙሪያ ያዞረዋል፤ ቴስታታውን ሲያልፍ ሙቀቱን ይሸከምና ወደ ራዲያተር ይወርዳል፤ እዚያ ንፋስ ያገኘዋል፤ ቀዝቅዞ ይመለሳል። ተሰልፈን ከቀዳነው ቤንዚን ጉልበት አንድ ሦስተኛ ግድም የሚሆነው ጎማውን ሳይነካ በዚሁ ውሃ ጀርባ ተጭኖ አየር ላይ ይበተናል። የሚያናድድ ነገር ነው፤ ግን ሌላ ወግ ይወጣዋል። ለዛሬው የሚበቃን ውሃው ዝግ ቤት ውስጥ የሚዞር መሆኑ ነው። ጎደለ ከተባለ ወጥቷል። ወይ ወደ ውጭ፣ ወይ ወደ ሲሊንደር፣ ወይ ወደ ዘይቱ። ሌላ መሄጃ የለውም።

ነገሩን ያነሣሁት በባለቤቴ አጎት ምክንያት ነው። ቤተሰቡ በሙሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ መሥሪያ ቤት ኦዲተር ነበሩ። ሳንቲም ጎደለ ብለው ገንዘብ ያዥን እስከ ማታ ሲያስቆጥሩ ያመሹ ሰው ናቸው። ጡረታም ወጥተው ጠባዩ አልወጣላቸውም፤ የዕድሩ ሰብሳቢ ሒሳብ የሚያቀርብ ዕለት ጋሼ መምጣት አለመምጣታቸውን አስቀድሞ ያጣራል ይባላል። «ጎደለ» የሚል ቃል ከሰሙ ጥያቄያቸው አንድ ነው። «ወዴት ሄደ?»

እኚሁ ሰው በየማለዳው ይወጣሉ፤ የአሮጌ ኮሮላቸውን ኮፈን ይከፍታሉ፤ የራዲያተሩን ክዳን ያነሣሉ፤ በሃይላንድ የያዙትን ውሃ እስኪሞላ ድረስ ያንቆረቁራሉ። ክዳኑን መልሰው፣ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው፣ ገብተው ቁርሳቸውን ይበላሉ። በዓመት ስንት በርሜል ውሃ እንደሚሰወር ቢያሰሉት የምርመራ ሪፖርት በወጣው ነበር።

አንድ ጠዋት አላስችል አለኝና ጠየቅኋቸው። «ጋሼ፣ ይሄ ውሃ ግን ወዴት ነው የሚሄደው?»

«መኪና አይደለች እንዴ!» አሉኝ፤ «ይሞቃታል፤ ይጠማታል።»

እውነት ለመናገር ጋሼ ዘመን ሳቱ እንጂ ነገር አልሳቱም። መኪና ከምሯ ውሃ የምትጠጣበት ጊዜ ነበር። ካርል ቤንዝ የሠራው የመጀመሪያው መኪና የሚቀዘቅዘው ውሃውን አፍልቶ እያተነነ ነበር፤ የተነነውን ያህል መተካት ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 ሚስቱ በርታ ቤንዝ ባሏን ሳታስፈቅድ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ጭና ከማንሃይም ፎርትስሃይም ድረስ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ስትነዳ፣ በየመንገዱ እየቆመች ውሃ ትሞላ ነበር። እሷም አልጠየቀችም፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን ታውቀው ነበር። ነገሩ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1901 ነው። ቪልሄልም ማይባህ ለመጀመሪያዋ መርሰዲስ የሠራው ራዲያተር 8,070 ጥቃቅን ቱቦዎች ነበሩት፤ ንፋስ በውስጣቸው ያልፋል፣ ውሃው በዙሪያቸው። ከዚያ ወዲህ ያው ውሃ እየዞረ ይሠራል። ይህ ዜና ጋሼ ዘንድ አልደረሰም።

ያን ጠዋት ክዳኑን በቅርብ አየሁት። ከስሩ የነበረው ጎማ ተበልቶ አልቋል። በምትኩ ጥቁር ፌስታል ታጥፎ ታጥፎ፣ በመቀስ ክብ ተደርጎ ተቆርጦ፣ ተጠቅጥቆ ገብቷል። ፌስታሉ ላይ በወርቅማ ቀለም የተጻፈ የጫማ ቤት ስም ነበረበት፤ ግማሹ ታጥፎ ውስጥ ቀርቷል፣ ግማሹ በሙቀት ተጨማዶ «…ጫማ ለሁሉም» የሚለው ብቻ ይነበባል።

ሰው ክዳን ሲባል ውሃ እንዳይፈስ የተደፋ ነገር ይመስለዋል። የራዲያተር ክዳን ግን ሥራ አለው። ውስጡ ያለው ሞላ ውሃውን አፍኖ ይይዘዋል፤ የታፈነ ውሃ ደግሞ ቶሎ አይፈላም። በባሕር ጠረፍ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች የእኛ ውሃ 92 ዲግሪ ላይ መንፈቅፈቅ ይጀምራል። ሽምብራ ለመቀቀል ከሰል የሚጨርሱ እናቶች ይህን ቴርሞሜትር ሳያዩ ያውቁታል። ጤነኛ ሞተር ሲሠራ ውሃው 90 ዲግሪ ገደማ ነው። በደህናው ክዳን ከ110 በላይ ቢደርስም አይፈላም፤ በጫማ ቤት ፌስታል ከሆነ በጤናና በመፍላት መካከል ያለችው ልዩነት ሁለት ዲግሪ ናት። ሁለት ዲግሪ ማለት አንዲት የቀይ መብራት ወረፋ ናት።

ይህን አስረዳኋቸው። ጋሼ በትዕግሥት ሰሙኝ። «በ92 ነው ያልከኝ?» አሉ። «አዎ።» «ታዲያ እኛ ኖረን የለም እንዴ!» ብለው ኮፈኑን ዘጉ። ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ ችግሩ መከራ ሲመክር ብቻውን ያለውን ሰው መርጦ አለመምከሩ ነው። ለዚያ ክረምት የኮምቦልቻ ተዝካር ጋሼን ጨምሮ ኮሮላዋ ውስጥ የተጫነው አራት ሰው ነበር።

ስንሄድ የጣርማበር መንገድ ቁልቁለት ነው፤ ማንም መኪና ቁልቁለት ላይ ደግ ነው። ጣጣው መመለሻው ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ግድም ላይ ቆላ ውስጥ ናት። ከዚያ ተነሥቶ በ50 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ የጣርማበርን ጫፍ ለመያዝ መኪና ከ1,700 ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት አለበት። ከፊት አይሱዙ እያቃሰተ ይወጣል፤ ከኋላው አንተ በአንደኛ ማርሽ ትከተላለህ፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ንፋስ የለም። ጫፉ ላይ ደግሞ ውሃ 90 ዲግሪ ሳይሞላ ይፈላል። ኦዲተር ያልጠየቀውን ጥያቄ ሁሉ የሚጠይቅ መንገድ ነው።

ደብረ ሲና ቆመን ቆሎ ገዛን። ደብረ ሲና ደርሶ ቆሎ አለመግዛት ነውር ነው። ከተማውን ወጣ እንዳልን ባለቤቴ ከኋላ ወንበር አንገቷን አስግጋ፣ «አጎቴ፣ ይቺ መርፌ ቀይዋ ጋ ደረሰች» አለች።

«ዳገት ነው፤ ዳገት ላይ የማይሞቀው ማን አለ» አሉ ጋሼ። ቀጥለው ደግሞ ዳሽቦርዱን በጣታቸው መታ መታ አድርገው «ጌጁም እንደሆን ደኅና አይደለም» አሉ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏችኋል ይሄ ነው።

ትንሽ እንደሄድን መርፌዋ ዝቅ ማለት ጀመረች። ከቀዩ ወረደች፤ መሐል ደረሰች፤ ከመሐልም አለፈች። ጋሼ መሪውን እንደያዙ ዞር አሉ። «አየሽ? በረደላት! አልኩሽ እኮ!» ቆሎው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ እፎይ አልን።

ያቺ መርፌ የምትለካው የሞተሩን ብረት አይደለም። ውሃው ውስጥ የተነከረች አንዲት ሹል ነገር አለች፤ ያንኑ የውሃ ሙቀት ነው የምትናገረው። ውሃው ከእሷ በታች ወርዶ ካለቀ የሚነካት የለም፤ ስለዚህ «ቀዝቅዟል» ብላ ትመሰክራለች። ሞተሩ ግን ያን ጊዜ ነው ብረት በብረት የሚነደው። ጌጅ ከሚያሳያቸው ነገሮች ሁሉ፣ ሽቅብ እየወጡ በራሱ ጊዜ የሚወርድ መርፌ የሚያስፈራኝን ያህል የሚያስፈራኝ የለም። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ሲባል ሰምታችኋል፤ ያለቀ ውሃም እያሳሳቀ ይወስዳል።

በሚቀጥለው ኩርባ ላይ ከኮፈኑ ስር ጭሱ ወጣ። ሞተሩ ራሱ ጠፋ።

ያስገረመኝ የልጁ ነገር ነው። ዕድሜው አሥራ ሁለት ቢሆን ነው፤ ቢጫ ጀሪካን በገመድ አዝሎ ወደ እኛ መውረድ የጀመረው ገና ሳንቆም ነው። የትኛው ኩርባ ላይ የትኛው ዓይነት መኪና እንደሚያበቃለት ጠንቅቆ ያውቃል። ጋሼ ዋጋ ሲጠይቁት ተናገረ። «ለውሃ? ከወንዝ ለቀዳኸው?» አሉት። «ጋሼ፣ ውሃውማ በነፃ ነው፤ ሸክሙን ነው ያስከፈልኩዎ» አለ። የጋሼን ሒሳብ በአንዲት ዓረፍተ ነገር የዘጋ ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም።

ከዚያ ሕዝቡ መጣ። አገራችን መኪና ከቆመ መካኒክ የማይሆን ሰው የላትም። የአንድ አይሱዙ ረዳት መጥቶ አንዴ አየና «ጋርኒሲዮን ነው» አለ፤ የቴስታታውን ማሸጊያ ማለቱ ነው፤ የሞት ፍርድ እንደሚያነብ ዳኛ ፊቱ አልተለወጠም። ሌላው «ቺንጋ ነው» አለ፤ ቺንጋው ግን ዓይናችን እያየው በቦታው ተወጥሮ ነበር። አንዱ እንቁላል ራዲያተሩ ውስጥ ጨምሩበት፣ ቀዳዳውን ይደፍናል አለ። ጥላ የያዙ ቄስ ራቅ ብለው ቆመው «ነፍስ ከተረፈ ብረት ምንም አይደል» አሉ፤ ከተሰጡት አስተያየቶች ሁሉ ትክክለኛው እሱ ሆኖ ተገኝቷል።

በመሐል አንዲት አሮጌ ቮልስ ተርተርተር እያለች አጠገባችን አለፈች። ባለቤቷ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ምን ሆናችሁ?» ብሎ ጠየቀ፤ እያወቀ። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ራዲያተር የላትም፤ ውሃ አታውቅም፤ የሚያቀዘቅዛት ንፋስ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻዋ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተሠራችው ይቺ መኪና፣ በጣርማበር ዳገት የምታሳየውን ኩራት ሌላ ቦታ አታሳይም። ባለቤቷ ያልነገረን፣ ማራገቢያዋን የምታዞረው ያቺ አንዲት ቺንጋ ከተበጠሰች እሱም እዚያው ኩርባ ላይ ከልጁ ጀሪካን ጎን የሚቀመጥ መሆኑን ነው። ለእሱ ደግሞ ውሃም አይረዳውም።

ጋሼ ጃኬታቸውን አውልቀው በእጃቸው ጠቅልለው ወደ ራዲያተሩ ክዳን ተጠጉ። ያን ጊዜ ነው ከአይሱዙው የወረዱት ሽማግሌ ሹፌር ክንዳቸውን የያዙት።

«ጌታው፣ እሱን ከከፈቱት ፊትዎ ይላጣል።»

«ውሃ ልጨምርላት ነው እንጂ!»

«ይጨምሩላታል። መጀመሪያ ትቀዝቅዝ።»

ልጁም በበኩሉ ጀሪካኑን ሞተሩ ላይ ሊያርከፈክፍ ሲል ጮኹበት። የጋለ ቴስታታ ቀዝቃዛ ውሃ ከነካው ይሰነጠቃል፤ ያን ጊዜ የሞተሩ ዋጋ የጌጥ ዋጋ ይሆናል። ኮፈኑ ተከፍቶ፣ ክዳኑ ሳይነካ፣ ቁጭ ብለን ጠበቅን። ጭላዳዎቹ ከገደሉ አፋፍ ሆነው ሣር እየነጩ ያዩን ነበር። ቆሎው አለቀ።

ከበረደች በኋላ ሞላንና ሽማግሌው የመጨረሻ ምክራቸውን ሰጡ። «ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ክፈቱት።» የመኪና ማሞቂያ ለካ ትንሽ ራዲያተር ነው፤ ከዚያው ውሃ ሙቀት ወስዶ ወደ ተሳፋሪው ይነፋል። ስለዚህ የጣርማበር ጉም መንገዱን በሸፈነበት በነሐሴ፣ መስኮቱን ሁሉ ዝቅ አድርገን፣ ማሞቂያውን ለቀን፣ እግራችን እየተጠበሰ ጆሯችን እየቀዘቀዘ፣ እየቆምን እየሞላን ደብረ ብርሃን ገባን። እትዬ፣ የጋሼ ባለቤት፣ ከዚያ ቀን በፊት ስለ መኪና ተናግረው አያውቁም። ደብረ ብርሃን ላይ «ይቺን ነገር ወይ አሠራት ወይ ሽጣት» አሉ። ጋሼ መልስ አልሰጡም፤ በማግስቱ ኮሮላዋ በገመድ ተጎትታ አዲስ አበባ ጋራዥ ገባች።

መካኒኩ ወጣት ነው። የወደድኩለት ነገር ቢኖር መፍቻ ከማንሣቱ በፊት መጠየቁ ነው። ውሃ በስንት ጊዜ ይሞላል? ጠዋት ከስሯ መሬቱ ይረጥባል? ስትነሣ ከማርሚታው ነጭ ጭስ ይወጣል? ጭሱ ሲሸት ይጣፍጣል? ጋሼ በሕይወታቸው ሙሉ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ሆነው የጠየቁትን ጥያቄ አሁን በወዲህ በኩል ተቀምጠው መለሱ። አላማራቸውም።

ከዚያ ማየት ጀመረ። ቱቦዎቹን በእጁ ጨመቅ ጨመቅ አደረገ፤ አንዱ ደርቆ ከረር ብሏል፣ ሌላው ለስልሶ ላልቷል። በባትሪ ከፓምፑ ስር ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ አሳየን፤ ከእሷ ጀምሮ እስከ ታች ነጭ የደረቀ መስመር ወርዷል። «ይሄው ጋሼ፤ አንደኛው መንገድ።» ያቺ ቀዳዳ ፓምፑ ሲያረጅ እንድታፈስ ሆን ተብሎ የተሠራች መሆኗን ነገረን፤ ማስታወቂያ ናት። ፓምፑ ሲወጣ ውሃ የሚገፉት ክንፎቹ በዝገት ተበልተው ጉቶ ሆነዋል። ከራዲያተሩ የተቀዳው ውሃ ቀይ ቡናማ ነው፤ ዝቃጩን በጣቶቹ መሐል አሽቶ አሳየን። ከፊት የራዲያተሩ ክንፎች በጭቃ፣ በሣር ፍሬና በፌንጣ እግር ተደፍነዋል። ማይባህ ንፋስ ይለፍባቸው ብሎ የተጨነቀባቸው ቀዳዳዎች ነበሩ።

ዳሽቦርዱ ስር አንድ ነጭ ማብሪያ አገኘ። የመኝታ ቤት ማብሪያ ነው፤ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ዓይነት። «ይሄስ?»

«የፋኑ ነው» አሉ ጋሼ። «በራሱ አልነሣ ሲል ዳይሬክት አስደረግሁት። ስፈልግ አበራዋለሁ።»

«ጣርማበር ላይ አብርተውት ነበር?»

ጋሼ ኮርኒሱን አዩ።

ትልቁ ጉድ የመጣው የቴርሞስታቱ ቤት ሲከፈት ነው። ባዶ ነው። ቴርሞስታት ማለት ሆዷ ውስጥ ሰም ያለባት ትንሽ በር ናት፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር አታሳልፍም፤ ሰሙ ሲቀልጥ ትከፍታለች። ከዚህ በፊት የሠራው መካኒክ «ይሄ ለፈረንጅ ብርድ ነው፤ ለእኛ አገር አያስፈልግም» ብሎ አውጥቶ ጥሏታል። ይህችን ምክር ያልሰማ ባለ መኪና አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። የኅዳርን ጠዋት የሚያውቅ ሰው እንዴት እንደሚላት አይገባኝም። እሷ የሌለችበት ሞተር ቀዝቅዞ እየሠራ ነዳጅ ይፈጃል፣ ራሱም ቶሎ ይበላል። እንደ ኮሮላዋ ባሉት ሞተሮች ደግሞ ይባስ ብሎ በሯ ስትነሣ ራዲያተሩን የሚዘለው አቋራጭ መንገድ ክፍት ይቀራል፤ ውሃው ግማሹ ራዲያተር ሳይደርስ ተመልሶ ይገባል። ሙቀት ይቀንሳል ተብሎ የወጣ ዕቃ ሙቀት ይጨምራል ማለት ነው።

ጋሼ ይህን ሲሰሙ የድሮው ኦዲተር ነቃ። አዲሷ ቴርሞስታት ከመግባቷ በፊት ትፈተንልኝ አሉ። ጋራዡ በር ላይ ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ ድስት ተበደርን። መካኒኩ ቴርሞስታቷን በክር አንጠልጥሎ ከከሰሉ ምድጃ ላይ ፈላ ያለው ውሃ ውስጥ ነከራት። ቀስ ብላ አፏን ከፈተች፤ ከፈተችና ቆመች።

«ግማሽ ነው!» አሉ ጋሼ። «ይመለስ! ጎደሎ ዕቃ ነው!»

«ጋሼ፣ ዕቃዋ ደኅና ናት» አለ መካኒኩ። «82 ላይ ነው መከፈት የምትጀምረው፤ ጥግ ድረስ የምትከፈተው 95 ላይ ነው። የአዲስ አበባ ድስት ደግሞ 92 ላይ ፈልቶ ይቆማል። ከዚያ በላይ እንድትሄድ ከፈለጉ ክዳን ያለው ነገር ውስጥ መግባት አለባት።»

ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ። እኔ የሻይ ብርጭቆዬን አየሁ።

ቴስታታው ወረደ። የአይሱዙው ረዳት ፍርድ ጸና፤ ጋርኒሲዮኑ በሲሊንደሩና በውሃው መንገድ መካከል ተበልቷል። ሁለተኛው መንገድ ይኸው ነበር፤ ውሃው እዚያ በኩል እየገባ ከነዳጁ ጋር በማርሚታ ሲወጣ ኖሯል። ቴስታታው ወደ ቶርኖ ቤት ተወሰደ። ባለሙያው ቀጥ ያለ ብረት ከላይ አጋድሞ በስሩ ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች እያሾለከ ለካው፤ የሚፈቀደው ጥምመት 0.05 ሚሊ ሜትር ነው፤ የጋሼ ከዚያ ብዙ እጥፍ ነበር። ተላገ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቶርኖ ቤት ያገኘኋቸው ሰዎች ሁሉ ይጠቅሱት ነበር፣ የተቃጠለውን ቴስታታቸውን ታቅፈው።

ክዳኑን ለመግዛት ሶማሌ ተራ አብረን ሄድን። ሻጩ ከካርቶን ውስጥ አንዱን አነሣና «ይገጥማል» አለ። መግጠሙንማ ፌስታሉም ገጥሞ ነበር። ክዳኑ ላይ የሚያፍነው ግፊት ልክ በቁጥር ተጽፎበታል፤ 0.9 ወይም 1.1 ይላል። ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉ። አሮጌው ላይ ያለውን በምራቅ ጠርገው አነበቡ፤ ከአዲሱ ጋር አስተያዩ፤ የመጀመሪያውን መለሱ፣ ሁለተኛውንም መለሱ። ሻጩ እስኪሰለቸው ድረስ አስመረጡት። ቁጥር ካለበት ነገር ጋር ሲገናኙ እንዲህ የሚሆኑ ሰው እስከዛሬ እንዴት ዝም እንዳሉ ይገርመኛል። ምናልባት ውሃ ቁጥር ስለሌለበት ይሆናል።

ከውሃው ጋር የሚቀላቀለው ኩላንት ላይ ትንሽ ተከራከሩ። ዕቃው ላይ በረዶ የሚከላከል መሆኑ ተጽፏል። «እኛ በረዶ የት አለን?» አሉ። መካኒኩ ያንን የዛገ ዝቃጭ በቆርቆሮ አስቀምጦት ኖሮ አመጣላቸው። በረዶው ሰበብ ነው፤ ለእኛ የሚጠቅመን ዝገቱን መከልከሉና ውሃው የሚፈላበትን ዲግሪ ከፍ ማድረጉ ነው፤ የቧንቧ ውሃ ብቻ ከሆነ ብረቱን ይበላል፣ ነጭ ቅርፊት ያበጃል። ጋሼ ቆርቆሮውን ነቅነቅ አድርገው አዩና ከፈሉ።

መኪናዋ ተሠራች። መርፌዋ ከመሐል በታች ቆማ አትነቃነቅም፤ ሽቅብም ቁልቁልም ቢሆን። ማለዳ ኮፈን ከፍተው ቢያዩ አይጎድልም። ይህ መልካም ዜና ለጋሼ ሥራ ማጣት ሆነባቸው። ቁርስ እስኪደርስ ምን ይሥሩ? ስለዚህ ወደ ጎረቤት ተሻገሩ። አሁን ሰፈራችን ውስጥ በጠዋት ኮፈን ከፍቶ ውሃ የሚጨምር ሰው ካለ ከኋላው «ወዴት ሄደ?» የሚል ድምፅ ይሰማል። የቪትዝ ባለቤቷ መምህርት፣ የሚኒባሱ ሹፌር፣ የጎሚስታው ልጅ፤ ያልተመረመረ የለም። የሚኒባሱ ሹፌር ጋሼ ከቤት የሚወጡበትን ሰዓት አጥንቶ ከዚያ በፊት መሄድ ጀምሯል።

በቅርቡ አንዱ ጎረቤታችን የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በየሰፈሩ የምናያት፣ ድምፅ የሌላት፣ ከኋላ መጥታ የምታስደነግጠው ዓይነት ናት። ጎረቤታችን ጋሼን ሲያይ ሸሸት አላለም፤ ይልቅ ራሱ ጠራቸው።

«ጋሼ፣ ይቺ እንኳ ከእርስዎ ተርፋለች። ዘይት የላት፣ ካንዴላ የላት፣ ውሃ የላት!»

«እስቲ ክፈታት» አሉ።

ከፈተ። ጋሼ እጃቸውን ኋላ አጣምረው ጎንበስ አሉ። ከላይ ያለውን የፕላስቲክ ሽፋን አልፈው፣ በአንድ ጥግ የተቀመጠች፣ ነጣ ያለች፣ ክዳን ያላት ዕቃ አገኙ። ውስጧ ቀለም ያለው ውሃ አለ፤ ጎኗ ላይ ሁለት መስመር ተሰምሯል፤ ውሃው ከታችኛው መስመር ጣት የሚያህል ዝቅ ብሏል። ባትሪም ይሞቃል፤ የኤሌክትሪክ ሞተርም ይሞቃል፤ የሚያቀዘቅዛቸው ያው የሚዞር ውሃ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ።

«እሱማ የመስታወት ማጠቢያው ነው፣ ጋሼ።»

«የመስታወት ማጠቢያውማ ያውልህ፣ ከወዲያ፤ ሥዕሉ አለበት።» ጣታቸውን መልሰው መስመሯ ላይ አደረጉ። «ይሄኛው ጎድሏል።»

ጎረቤታችን ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና አለ። ሳቅ ለማለት ሞከረ።

«ኧረ ጋሼ፣ ገና አዲስ መኪና እኮ ናት፤ ምን ትሆናለች ብለው ነው?»

ጋሼ ከደረት ኪሳቸው መነጽራቸውንና እስክሪብቶ አወጡ።